በ34 ዓመቴ ጆሮዬ ተከፈተ፣ ባለቤቴ ግን ተከፋ

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የአራት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋትና ማታ በሰርቪስ እመላለሳለሁ።

ያደግኩት ዘፈን በማይከፈትበት ቤት ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቅኔ ማኅሌት የሚቆም ሰው ነበር። ሬዲዮ ነበረን፣ ግን ዜናው ሲያልቅ ይዘጋል። እኔም ዘፈን ማለት ሠርግ ላይ የሚጨፈርበት፣ ታክሲ ውስጥ የሚጮህ ነገር ነው ብዬ ኖርኩ። አልጠላውም፣ ፈልጌም አላውቅም።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ቆምን። ዝናብ ነው። መስኮቱ ሁሉ ጉም ለብሷል። ግማሹ ሰው ተኝቷል። ሾፌራችን ፍላሽ ሰካና አንድ ሙዚቃ ከፈተ። ሳክስፎን ነው፣ ዘፋኝ የለውም። ግን ሰው የሚፎክር መሰለኝ፣ ደግሞም የሚያለቅስ። አያቴ ገጠር ሠርግ ላይ ሲፎክሩ የሰማሁት ትዝ አለኝ። እንባዬ መጣ። ስወርድ ሾፌሩን «ምንድነው እሱ?» አልኩት። «ጌታቸው መኩሪያ ነዋ!» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ልጄ ከተኛች በኋላ በረንዳ ላይ ወጥቼ፣ ኤርፎን ሰክቼ አንድ ሰዓት እሰማለሁ። አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ያንኑ ደግሜ ደግሜ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀ። አሁን ግን አኩርፏል። «ጆሮሽን ደፍነሽ ከቤቱ ወጥተሻል» አለኝ ባለፈው። የሐይቅ ልጅ ነው፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ክፉ ቃል አይወጣውም። ለዚህ ነው በጣም ያመመኝ። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ሙዚቃ አውቃለሁ ይላል። «ቅኝት ከቅኝት ሳትለዪ ምን ትሰሚያለሽ፣ ፋራ!» እያለ ያሾፍብኛል። እናቴ ስትሰማ «ልጅ ወልደሽ ደግሞ ዘፈን ጀመርሽ?» ብላ አማተበች።

በሚቀጥለው ወር 45,000 ብር ዕቁብ ይደርሰኛል። ባለቤቴ የኪችን ካቢኔት እናሠራበት ይላል። እኔ ግን ለማንም ባልናገርም ጥሩ ስፒከር መግዛት ነው ያማረኝ። ሳስበው ሼም ይይዘኛል። ረፍዶብኛል? ወይስ ከሆነ ነገር እየሸሸሁ ነው? ምን ይመክሩኛል?

ሰ. ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ውድ እህቴ ሰ.፣

ከደብዳቤሽ መጀመሪያ የያዘኝ ዕቁቡም የባለቤትሽ ኩርፊያም አልነበረም። «ያንኑ ደግሜ ደግሜ» ያልሽው ነው። ሙዚቃ የማይወድ ሰው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ጠዋት ይከፍታል፣ ሥራ እየሠራ ይሰማል፣ ሲሰለቸው ይቀይራል። ከምር አድማጭ የሚሆነው ግን አንድ ቀን አንድ ድምፅ አስቁሞት «ይሄ ምንድነው?» ብሎ የጠየቀና ተመልሶ የሄደበት ሰው ነው። አንቺ ሁለቱንም አድርገሻል። ማንም ሳይነግርሽ።

አያትሽ ትዝ ያሉሽ ደግሞ እንዲሁ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ የይፋት ልጅ ነው። በልጅነቱ የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነው፣ ሳክስፎን የመጣው ኋላ ነው። በማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በፖሊስ ኦርኬስትራም ተጫውቷል። ትልቁ ሥራው ሽለላና ፉከራን ከፎካሪው አፍ ወስዶ በሳክስፎን ማሰማቱ ነው። መድረክ ላይ ጎፈር ደፍቶ የሚወጣበት ጊዜም ነበር። እና አንቺ ያን ማታ ሰው የሚፎክር ከመሰለሽ ጆሮሽ ልክ ነው። ቃሉ የለም እንጂ ትንፋሹ የፎካሪ ትንፋሽ ነው። ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል፣ ድንገት ይቆማል፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ይነሳል። ዛሬ ማታ ስትሰሚው ሌላውን ሁሉ ተዪውና ትንፋሽ የሚወስድባቸውን ቦታዎች ብቻ ጠብቂ። «ዘራፍ!» የሚባልበት ቦታ የት እንደሆነ ራስሽ ታገኚዋለሽ።

አሁን ስለ አባትሽ ላንሳ። ዘፈን በማይከፈትበት ቤት አደግኩ ስትዪ ሙዚቃ በሌለበት ያደግሽ መስሎሻል። እኔ እንደዚያ አይታየኝም። ቅኔ ማኅሌት የሚቆሙ ሰው ልጅ ነሽ። በንግሥ ሌሊት ነጠላሽን ተከናንበሽ የቆምሽባቸውን ጊዜያት እስቲ አስቢ። ዜማው መጀመሪያ ያለ ምንም መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል። ከዚያ ዝማሜው በመቋሚያ ይመጣል። መረግዱ ላይ ከበሮና ጸናጽል ይገባል። ጽፋቱ ላይ ይፋጠናል፣ ጭብጨባውና እልልታው ይጨመራል። ዜማው ያው ነው፣ በየዙሩ አካሄዱ ይለወጣል። ከበሮው መቼ እንደሚፈጥን ሰውነትሽ ቀድሞ ያውቅ ነበር፣ አይደል? አባትሽ ሦስቱን የቤተ ክርስቲያን የዜማ ዓይነቶች፣ ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ ለይተው የሚሰሙ ሰው ነበሩ። ያንን እየሰማ ያደገ ልጅ ጆሮው ሥራ ፈቶ አልኖረም። ቃሊቲ ላይ ግማሹ ሰው ሲተኛ አንቺ የነቃሽው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ረፍዶብኛል ወይ ላልሽው፣ አልረፈደብሽም። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ሙዚቃ የሚይዘው በ15 ወይ በ16 ዓመቱ ነው። ያ ዕድሜ ጊዜ አለው። ታላቅ ወንድም ወይ የሰፈር ልጅ ካሴት ያውሰዋል። በካሴት ዘመን ደግሞ ምርጫ ብዙ አልነበረም። ያለሽ አንድ ካሴት ከሆነ እሱኑ ገልብጠሽ ትሰሚያለሽ። ክሩ ሲያዝ በእስክሪብቶ ታጠነጥኚውና እንደገና ትሰሚያለሽ። መጀመሪያ ያልወደድሽው ዘፈን እንኳ መሀል ላይ ስላለ ግድ ይሰማል። ከርሞ ከርሞ ከሁሉ የምትወጂው እሱ ይሆናል። ዛሬ ስልክ ውስጥ የሌለ ነገር የለም፣ ሰውም ሃያ ሴኮንድ ሰምቶ ይዘላል። አንቺ የያዝሽው መንገድ የድሮዎቹ መንገድ ነው። አትልቀቂው።

በዚያ ላይ በ34 ዓመት የሚጀምር ሰው ያለው ነገር አለ። ሐዘን አይተሻል፣ ወልደሻል፣ አባት ቀብረሻል። ያ ሁሉ አብሮሽ ይሰማል። ጌታቸው ራሱ 70 ዓመት ካለፈው በኋላ ዘ ኤክስ ከሚባል የሆላንድ ባንድ ጋር አልበም ሠርቷል፣ ከእነሱም ጋር አውሮፓ ውስጥ እየዞረ ተጫውቷል። እነሱ ጩኸታም የፐንክ ሙዚቀኞች ናቸው፣ ስታዪው ጨርሶ አይገናኙም። እሱ ግን ሽለላውን ይዞ መሀላቸው ገባ። በ2008 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ አዲስ ነገር ለመሞከር ዕድሜውን ምክንያት አላደረገም።

እናትሽን በተመለከተ እኔ ሰባኪ ልሆንብሽ አልፈልግም። ይህ የአንቺና የንስሐ አባትሽ ጉዳይ ነው። ልብሽን የሚከብደው ከሆነ ሄደሽ አጫውቻቸው፣ ተደብቀሽ አትጨነቂ። አንድ ሰው ግን ላስተዋውቅሽ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል። በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ገብተው መንኩሰዋል። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ታተመ፣ ገቢውንም ለችግረኞች ነው ያዋሉት። የመጨረሻዎቹን አሥርት ዓመታት ኢየሩሳሌም በሚገኘው ገዳማችን ኖረው፣ በ99 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ2023 አረፉ። ፒያኗቸው ቃል የለውም። ግን የኛን ዜማ የለመደ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ጣታቸው ቸኩሎ አያውቅም፣ አንዱን ድምፅ አስረዝመው ይተዉትና ሌላው ከየት እንደሚመጣ ያስጠብቁሻል። «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ አልበም ውስጥ 21ኛው የእሳቸው ነው። 14ኛው ደግሞ የጌታቸው ነው፣ ሾፌራችሁ የከፈተው ከዚያ ሊሆን ይችላል።

በዐቢይ ጾም ደግሞ በገና አለልሽ። አሥር አውታር ያለው፣ ያ የሚነዝረው ድምፅ። ንዝረቱ ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? በየአውታሩና አውታሩ ከታች በሚያርፍበት እንጨት መካከል ትንንሽ የቆዳ ቁራጭ ይደረጋል፣ አውታሩ እሱን እየነካ ነው እንደዚያ የሚያጉረመርመው። ዓለሙ አጋ ሲደረድር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ ለራሱ የሚያወራ ያህል። እናትሽ ቤት ስትሄጂ ይህን ከፍተሽ አብራችሁ ስሙ። የጀመርሽው ነገር ምን እንደሆነ በቃል ከምታስረጂያት ይልቅ ይሄ ይቀላል።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የከበደሽ እሱ ነው። «ጆሮሽን ደፍነሽ ከቤቱ ወጥተሻል» ያለው ሙዚቃ ጠልቶ አይመስለኝም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከክረምቱ በፊት፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ያ ሰዓት ምን ነበር? ሻይ ጠጥታችሁ የቀኑን የምታወሩበት ነበር? ወይስ እሱ ቴሌቪዥን ላይ፣ አንቺ ማድ ቤት ውስጥ የምታልፉት ጊዜ ነበር? መልሱ ይለያያል። የመጀመሪያው ከሆነ ባለቤትሽ የጎደለበት አንቺ ነሽ፣ ኩርፊያውም ናፍቆት ነው። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ምናልባት መለያየታችሁ አሁን ገና ታየው። በፊትም ነበረ፣ ኤርፎኑ አጋለጠው።

ከሆነ ነገር እየሸሸሁ ነው ወይ ብለሽ ራስሽን መጠየቅሽን ወድጄዋለሁ። ላንቺ ልመልስልሽ አልችልም፣ ግን መለያ አለው። ሰምተሽ ወደ ውስጥ ስትገቢ ቀለል ብሎሽ፣ ከሰው ጋር ማውራት አምሮሽ ከሆነ ዕረፍት ነው። ከገባሽ የሚመጣብሽን ንግግር ፈርተሽ «አንድ ብቻ ልጨምር» የምትዪ ከሆነ ደግሞ ያ ንግግር ምንድነው? እሱን ማየት ያስፈልጋል። ሳይነጋ ትነሺያለሽ፣ ሰርቪስ፣ ቢሮ፣ ሰርቪስ፣ ልጅ፣ ማድ ቤት። በቀኑ ውስጥ የራስሽ የሆነው ያ አንድ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱን መፈለግ ነውር የለበትም። አሳፍሮሽ ከሆነ እፍረቱን አውርጂ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። በሳምንት ሦስት ማታ የበረንዳው ሰዓት ይኑርሽ፣ ቀኑ የታወቀ ይሁን። ሌሎቹን ማታዎች ኤርፎኑን ከክፍሉ አውጪው። ይህን ደግሞ ዝም ብለሽ አታድርጊው፣ ንገሪው። «በረንዳ ስወጣ ከአንተ የራቅኩ እንደመሰለህ ገባኝ። አልራቅኩም። የሆነ ነገር አግኝቼ ነው፣ ላሳይህም እፈልጋለሁ» በዪው። ከዚህ የረዘመ አያስፈልግም። ወንዶቻችን የረዘመ ማብራሪያ ሲመጣ ክስ ይመስላቸዋል።

ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍዪ። ኤርፎን የለም፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገሽ ድምፁን ክፈቺ። ግን ጌታቸውን አትክፈቺ። የሐይቅ ልጅ ነው አላልሽም? ሐይቅ ተቀምጦ አምባሰል ጎረቤት ነው። ባቲም ብዙ ሩቅ አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ዘፈኖቻችን ከሚሄዱባቸው የዜማ መንገዶች፣ ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ከወሎ ነው። ትዝታና አንቺ ሆዬም ቢሆኑ ወሎ ላይ ቤተኛ ናቸው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስትጫወት ክፈቺለትና ዝም በዪ። ስለ ቅኝት አታስረጂው፣ «ሰማህ?» አትበዪው። አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ አንቺም ዝም ብለሽ ስሚ። የሚናገረው ነገር ካለ ይናገራል። ምናልባት እናቱ የምታንጎራጉረው ነገር ትዝ ይለው ይሆናል። ምናልባትም ምንም አይል። ምንም ባይል አትዘኚ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ድገሚው። ሙዚቃ እንደ ቡናው ነው፣ በአቦል ብቻ ተነስቶ የሄደ ሰው ቶናና በረካውን አያውቅም።

ልጃችሁም እዚያው ትሁን። እየሰሙ ማደግ ምን እንደሚሠራ ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል?

የባለቤትሽ ወንድም «ፋራ» ማለቱን ቶሎ ልለፈው። መልስ አትስጪው። ይልቅ አንድ ቀን ሳትቆጪ «አንተን መጀመሪያ የያዘህ ምን ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ሙዚቃ አውቃለሁ የሚል ሰው ሁሉ ሳያውቅ የተያዘበት ቀን አለው። ያንን መንገር ከጀመረ ማሾፉን ይረሳል። ጥሩ አጋዥ የሚሆንሽም ያኔ ነው።

ያለው ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፣ ቅኝት መለየት ደስ ይላል። ብቻ ቀድሞ የሚመጣው መውደዱ ነው። ከወደድሽ በኋላ መለየቱ ከባድ አይደለም። አራቱም ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፣ የሚለያቸው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። በትዝታ ጀምሪ። ማሕሙድ አሕመድ ትዝታን ሲዘፍን ስሚ፣ ቀጥለሽ በዛወርቅ አስፋውን ስሚ። ሁለት ሰዎች አንድ መንገድ ላይ እንዴት በተለያየ እግር እንደሚሄዱ ታያለሽ። እሱ ሲያንቀጠቅጠው እሷ ታስረዝመዋለች። ከዚያ ወደ ባቲ እለፊ። ሁለት ሳምንት ትዝታ ብቻ የሰማ ጆሮ ባቲ ሲመጣ «ቤቱ ተቀየረ» ይላል። ስሙን ባታውቂውም ልዩነቱን ትሰሚዋለሽ።

አሰማሙን በተመለከተ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ሙዚቃ ምረጪ። መጀመሪያ ዝም ብለሽ ስሚው። ሲደገም ዘፋኙን ትተሽ ቤዝ ጊታሩን ብቻ ተከተዪ። ይጠፋሻል፣ መልሰሽ ያዢው። ሌላ ጊዜ ከበሮውን ብቻ። ያ ብዙ የአማርኛ ዘፈን ላይ ያለው፣ ትከሻ የሚያስነቀንቀው ችክችካ ስድስት ምት አለው፣ በጣትሽ ጉልበትሽ ላይ ቁጠሪው። በሰርቪስ ስትሄጂ ለዚህ የሚሆን ጊዜ ሞልቷል። አንድ ቀን ሳታስቢው ሁሉንም አንድ ላይ ትሰሚያቸዋለሽ። ያን ቀን ያው ሙዚቃ አዲስ ይሆንብሻል።

መንገድሽ በመሣሪያ ስለተከፈተ እዚያው ትንሽ ብትቆዪ ጥሩ ነው። ሙላቱ አስታጥቄን ስሚ። ጅማ ተወልዶ ዌልስ፣ ለንደን፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ተማረ። አምስቱን ድምፆቻችንን ከጃዝ ጋር አስማማ። ቪብራፎን የሚባለውን መሣሪያ ሲመታ ድምፁ አየር ላይ ይቆያል፣ ደወል ከተመታ በኋላ ያለው ዓይነት። ኃይሉ መርጊያንም አትለፊው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። አሜሪካ ከገባ በኋላ ብዙ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ጭኖ፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የድሮ የአኮርዲዮን ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ፈለገው፣ ወደ መድረክም ተመለሰ። መንገድ ላይ ብዙ ሰዓት ለምታሳልፊው ላንቺ ይህን ሰው መስማት የሚያበረታሽ ይመስለኛል።

ሁሉን በአንድ ጊዜ አትጀምሪ። አንዱን አልበም ሁለት ሳምንት ያዢ። አልበሙ ውስጥ ካሉት ሙዚቃዎች ሁለቱ ካልገቡሽም አትዝለያቸው።

ስለ ጆሮሽ ጤና አንድ ነገር ልበል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው። ድምፁ ከዚያ ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በጣም ያጥራል። ሰርቪስ ውስጥ ሞተሩ፣ ከውጭ ከባድ መኪናው ስለሚጮህ ሳይታወቅሽ ድምፁን ትጨምሪያለሽ። እዚያ ላይ ተጠንቀቂ። ከጎንሽ የተቀመጠው ሰው ያንቺን ሙዚቃ ከሰማ በዝቷል ማለት ነው። ከወረድሽ በኋላ ጆሮሽ ጭው የሚል ከሆነም እንዲሁ። ማታ በረንዳ ላይ ደግሞ ልጅሽ ብትጠራሽ እንድትሰሚ አንዱን ጆሮሽን ክፍት አድርጊ። ባለቤትሽም ይህን ሲያይ ትንሽ ይለዝባል።

የቀረው ዕቁቡ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ብሩ ሳይሆን «ለማንም አልተናገርኩም» ያልሽው ነው። ስፒከር መፈለግሽ ጥፋት አይደለም። ዕቁቡን የምትጥዪው አንቺ ነሽ። ደግሞ በየቤቱ ወደ ሌላ ጊዜ የሚገፋው ብዙ ጊዜ የሴቷ ፍላጎት ነው፣ እሱን አውቃለሁ። እንደዚያም ሆኖ ስፒከሩ አሁን ይቆይሽ እላለሁ። ኮንዶሚኒየም ነው ያላችሁት። ቤዝ ግድግዳ አያግደውም፣ የላይና የታች ጎረቤት ጋ ይደርሳል። ልጅ የምትተኛው ከዚያው ከሳሎን አጠገብ ነው። ያንን የመሰለ ስፒከር ገዝተሽ ድምፁን ቀንሰሽ ስትሰሚ የተመኘሽውን አታገኚውም፣ ቅሬታው ግን ቤት ውስጥ ይቀራል።

ለአሁኑ የሚሆንሽ ጆሮ ሙሉ የሚሸፍን፣ ገመድ ያለው ደህና ሄድፎን ነው። ቻርጅ አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ሱቅ ስትሄጂ የጌታቸውን ሙዚቃ ስልክሽ ላይ ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ የሚያሰማሽን አትስሚ፣ ጠንቅቀሽ የምታውቂውን ራስሽ ከፍተሽ ሞክሪ። ትንፋሹን የምትሰሚበትን ግዢ። ከዕቁቡ ላይ ለዚህ የሚሆነውን ቀንሰሽ የቀረውን ለካቢኔቱ ብታውዪው ሁለታችሁም አትጎዱም።

ብቻ ብሩ እጅሽ ከመግባቱ በፊት ንገሪው። ከቅዳሜው ቡና በኋላ ቢሆን ይሻላል፣ እሱም ምን እያወራሽ እንደሆነ ይገባዋል። «የቀረው ለካቢኔቱ፣ ይቺ ግን የእኔ ናት» በዪው። አይሆንም ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቂውና እስከ መጨረሻው ስሚው።